አራተኛው ትከሻ

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። እዚያው ነበርኩ። በገዛ ትከሻዬ ላይ ነው የደረሰው።

ቀልድ ስጽፍ የምታውቁኝ ሰዎች "መጨረሻው ላይ ሊያስቀን ነው" ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ብትስቁም አልከለክልም። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ቦታው አምባሰል፣ ከውጫሌ ወደ ተራራው በሚወጣው የጠጠር መንገድ።

ዘጠኝ ሰዓት ስላችሁ ፀሐይ እንዳይመስላችሁ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። የመኪናው መብራት እንኳ ትንሽ ሄዶ ይደክመዋል።

አራት ነበርን።

የሚነዳው ኡበይድ ነው። ደሴ ላይ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል፤ ፒካፑም ከሲሚንቶ ሥራ የአንድ ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት ነው የመጣው። አጠገቡ ታናሽ እህቱ ኢንሳፍ አለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ለማንኛውም ችግር ሁለት ነገር ታዛለች፤ ፓራሲታሞልና ስድብ። ከኋላ እኔና ጠሃ ተቀምጠናል።

እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ። እነሱ ቢያዴ ይሉኛል።

ጉዞው የጠሃ መሸኛ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን ነው፤ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ጅዳ የቤት ዕቃ ይሸከማል። ፍሪጅ፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ... ሊፍት ውስጥ አልገባ ያለውን ሁሉ በደረጃ ያወጣል። "ኢኮኖሚው ወደ ላይ እያደገ ነው ብለው ያስተማሩን እኔን ነው" ይላል።

በሰኔ ከነቁም ሳጥኑ ደረጃ ላይ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተጎዳ። አሠሪው "አገርህ ሄደህ ታከም። መሸከም ከቻልክ ተመለስ፤ ካልቻልክ እዚያው ቅር" አለው።

በረራው ሐሙስ ነው። ትከሻው ግን አልዳነም።

ጠዋት ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስንበላ፣ በግራ እጁ ሲቦጭቀው አየሁት። ጠሃ በግራ መብላትን እንደ ነውር የሚያይ ሰው ነው። ሕመሙ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር። እናቱና ሁለት እህቶቹ ደግሞ የሚኖሩት በዚያ ትከሻ ነው።

ሌላም ነገር ነበረበት። አባቱ ሲሞት እዚያው ጅዳ ነበር። ቀብሩን በስልክ ነው ያየው።

"ጎረቤት ሁሉ አባቴን ሲሸከም እኔ ቻርጀር ስፈልግ ነበር" ይላል። እየሳቀ ነው የሚለው። እኛ ግን አንስቅም።

"ኸረ ኡበይድ፣ ቀስ በል!" ጮኸች ኢንሳፍ። "ሲሚንቶ አይደለንም!"

"ሲሚንቶ ቢሆን ይሄን ያህል አይጮህም ነበር።"

"ሲሚንቶ አፍ ቢኖረው አንተን ነበር የሚሰድበው።"

እየሳቅን አንድ መታጠፊያ ስንዞር... ኡበይድ ፍሬን ያዘ።

ጉሙ ውስጥ ሰዎች አሉ።

ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ጥቂት ናቸው። ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ቃሬዛው ላይ ቡልኮ ተከድኗል።

"ኢና ሊላሂ..." አለ ጠሃ በሹክሹክታ።

ኡበይድ ሙዚቃውን አጠፋ።

እኛ አገር ቀብር ስታገኝ በመኪና ሰንጥቀህ አታልፍም። እስላም ሁን ክርስቲያን ለውጥ የለውም። ትወርዳለህ። ትከሻህን ትሰጣለህ። ትንሽ ተሸክመህ ትሸኛለህ፣ ሌላው ይቀበልሃል፣ መንገድህን ትቀጥላለህ። ያለ ትራፊክ ፖሊስ የሚከበር ብቸኛው የመንገድ ሕጋችን ይሄ ይመስለኛል።

"ቆይ..." አለች ኢንሳፍ መስታወቱን በእጇ እየወለወለች። "ቀብር በዚህ ሰው ብቻ? ቅሬው የት ሄደ?"

እውነቷን ነው። ቅሬ የሠፈራችን ዕድር ነው። ሰው ሞቶ ቅሬ ከተጠራ አገር ምድሩ ነው የሚወጣው። ቤትህ ላይ በሬ ቢሞትብህ እንኳ ከዚያ የበለጠ ሰው ይመጣል።

"ዝናቡ ይዟቸው ይሆናል" አለ ኡበይድ።

"ዝናብ ቅሬን ሲይዝ የት አይተሃል?"

ጠሃ ግን በሩን ከፍቶ ወርዷል።

እኔና ኡበይድ ተከተልነው። ኢንሳፍ ቀረች፤ በእስልምና ሴት ቀብር አትሸኝም።

ሰዎቹ ቆመው ጠበቁን። ማንም ዞር ብሎ አላየንም... ብቻ ቆሙ። ጺሙን ሂና የተቀባ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ብቅ አለ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ" አለ ጠሃ። "አላህ ይዘንላቸው። ማን ነው ያረፈው?"

"የመንገድ ሰው ነው።"

"ፒካፕ አለን" አለ ኡበይድ። "እዚያ ላይ እንጫንላችሁ?"

"እሱ መኪና አይወድም።"

ኡበይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሬሳ ምርጫ አለው እንዴ?"

በሳቅ ልፈነዳ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ።

ሽማግሌው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። ፊታችንን አይደለም... ትከሻችንን።

"ሦስት ናችሁ?"

"አዎ አባባ።"

"አንድ አለ። ሞላችሁ።" ከዚያ ለጠሃ፦ "ታደርሱታላችሁ?"

ጠሃ ያመመውን ትከሻ በግራ እጁ ያዘ። ስለ አባቱ እያሰበ እንደሆነ ገብቶኛል። ኡበይድም ገብቶታል። ለዚያ ነው ሁለታችንም "ቆይ፣ እስከ የት ነው?" ሳንል የቀረነው።

"እናደርሰዋለን" አለ ጠሃ።

"ሁላችሁም?"

"ኸረ አባባ፣ እናደርሰዋለን አልኩዎት! አብሽሩ።"

ሽማግሌው በረዥሙ ተነፈሰ። ከዚያ የፊተኞቹ ሁለት ሰዎችና ከኋላ በቀኝ ያለው እንጨቱን ከትከሻቸው አንስተው ለእኛ ሰጡን። በጣም በፍጥነት።

ከፊት በቀኝ እኔ። ከፊት በግራ ኡበይድ። ከኋላ በቀኝ ጠሃ። ከኋላ በግራ... ጋቢውን እስከ ራሱ የተከናነበ ሰው። ከመጀመሪያውም እዚያ የነበረ መሰለኝ። ፊቱን አላየሁትም።

ከመንገዱ ወጥተን በቁልቋሎች መሃል የምታልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ያዝን። ከኋላችን "ላ ኢላሀ ኢለላህ" ይላሉ ሰዎቹ። እኔም በልቤ የራሴን ጸሎት እያልኩ ነው።

ሬሳ ይከብዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄኛው አልከበደም።

ይገፋል።

ወደ ፊት ይገፋል... ልክ መንገዱን የሚያውቅ በቅሎ ላይ እንደተቀመጥክ።

"ኡበይድ" አልኩ በሹክሹክታ። "እየገፋህ ነው?"

"አንተ መስለኸኝ።"



ቃሬዛ ከፊት የተሸከመ ሰው ዞሮ ማየት አይችልም። እንጨቱ አንገትህ ሥር ነው፤ እግርህ ጭቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከኋላ የሆነውን በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቀው። በጆሮዬ የሰማሁት ደግሞ ጠሃ ሲያወራ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር።

"አዎ... ጅዳ ነኝ።"

ዝምታ።

"ዕቃ ነው የምሸከመው። የቤት ዕቃ።"

ዝምታ።

"ይከብዳል እንጂ! ብቻህን ስትሆን ይከብዳል። አብሮኝ የነበረው ልጅ ወደ አገሩ ገባ..."

ጠሃ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ትንሽ ይስቃል። የሌላው ድምፅ ግን አይሰማም። ሰውየው በጣም ቀስ ብሎ የሚናገር ጨዋ ሰው ይሆናል አልኩ።

ከዚያ ያ የእኛ የወሎዎች አመል መጣ። ወሎ ውስጥ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሰው ቤትህ ሳትጋብዝ አትለያይም። የምርህ ይሁን አይሁን ማንም አይጠይቅህም፤ እሱም አይመጣም፣ አንተም አትጠብቀውም። አፍህ ራሱ ነው የሚጋብዘው።

"ኸረ ና!" አለ ጠሃ። "ምን ችግር አለ? ጅዳ ከመጣህ እኔ ጋ ታርፋለህ። አብረን እንሠራለን... ወላሂ ደስ ይለኛል።"

ያኔ ነው ከኋላ ያለው "ላ ኢላሀ ኢለላህ" መቆሙን ያወቅኩት።

መቼ እንደቆመ አላውቅም። የእኛ ጫማ ጭቃ ውስጥ ይጮሃል... ሌላ ምንም ድምፅ የለም።

"ቢያዴ" አለ ኡበይድ። ድምፁ ቀጥኗል። "የስንት ሰው እግር ይሰማሃል?"

አዳመጥኩ።

የእኔ። የኡበይድ። የጠሃ።

"አትቁም" አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ቁልቋሉ አለቀና ሜዳ ላይ ወጣን። አንድ ያረጀ ጥድ አለ። ሥሩ ድንጋይ የተከመረባቸው የቆዩ መቃብሮች ይታያሉ። አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ የለም። አካፋ የለም። ሰው የለም።

ግፊቱ እዚያ ቆመ። ልክ "ወራጅ አለ" እንዳለ ተሳፋሪ።

"በል እናውርደው" አለ ጠሃ ከኋላ። "ቢስሚላህ..."

ጎንበስ አልን። ቃሬዛው ወረደ። አራቱም ማዕዘን እኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያዘነብል መሬት ነካ።

ዞርኩ።

ጠሃ ብቻውን ቆሟል።

"ሰውየውስ?"

"የቱ?"

"አጠገብህ የነበረው! ስታዋራው የነበረው!"

ጠሃ ወደ ግራው አየ። እንደ መገረም አለ። "አሁን እዚህ ነበር... ሰዎቹን ሊጠራ ሄዶ ይሆናል።"

ከኋላችን ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ጉሙም ትንሽ ገለጥ ብሏል። የሚሄድ ሰው ቢኖር ይታያል።

ጭቃውን አየሁ። የመጣንበት መንገድ ላይ የጠሃ ጫማ ቅርፁን ትቷል። ከእሱ በስተግራ... ባዶ እግር። አውራ ጣቱ ሳይቀር በደንብ የታተመ። ቃሬዛው እስካለበት ድረስ ይመጣል።

የሚመለስ ግን የለም።

ንፋስ መጣና የቡልኮውን ጫፍ ገለጠው። ማናችንም አልነካነውም። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ የሰው ሬሳ የምንገላልጥ ሰዎች አይደለንም።

ሥሩ ሬሳ አልነበረም።

ምንም አልነበረም። ሁለት እንጨትና በመሃላቸው የተጠላለፈ ጠፍር ብቻ። ግን ጠፍሩ መሃሉ ላይ ረግቧል... ሰው እንደተኛበት ሁሉ። እያየነው ቀስ... ቀስ... እያለ ተነሳ። ተወጠረ። ቀጥ አለ።

ሰው ከአልጋ ሲነሳ አልጋው እንደሚያደርገው።

"ያ ረቢ" አለ ኡበይድ።

ሮጥን። ስለ ጀግንነቴ ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ፤ የዚያን ቀን ከሁሉም የቀደምኩት እኔ ነበርኩ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ኢንሳፍ በሮቹን ሁሉ ቆልፋ ተቀምጣለች። መስታወቱን ብንመታ ብንመታ ትንሽ ቆይታ ነው የከፈተችው።

"ምን ሆናችሁ? ሬሳ አይታችሁ አታውቁም?"

"ሰዎቹን አየሻቸው?" አለ ኡበይድ እያለከለከ።

"አይቼ ነው የቆለፍኩት።"

"የት?"

"ተመለሱ እኮ! እናንተ ቁልቋሉ ውስጥ ከመግባታችሁ ነው የተመለሱት። በመኪናው ጎን አልፈው ቁልቁል ወረዱ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኡበይድ... እየሳቁ ነበር።"

"ምን?"

"ሽማግሌው ሳይቀር። ትከሻቸውን እያሹ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ... ለዘመናት የተሸከመውን እንዳወረደ ሰው ነው የሚስቁት። አንዱማ እያለቀሰ ነበር የሚስቀው።"

ኡበይድ መኪናውን አስነሳ።

ጠሃ የመጨረሻው ሆኖ ገባ። በኋላ በር በግራ በኩል ነው የገባው። ግን መስኮቱ ጋ አልተቀመጠም። ተንሸራቶ መጥቶ እኔ ላይ ተለጠፈ።

"ጠጋ በል እንጂ ወደዚያ!" አልኩት። "ቦታ ሞልቶ!"

"እዚሁ ይሻላል።"

በሩን ሳይዘጋ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ዘጋው።

ቁልቁል ስንወርድ ኡበይድ ደጋግሞ በመስታወት ያያል። "የኋላው ግራ ጎማ ተንፍሷል እንዴ? መኪናው በዚያ በኩል ዝቅ ብሏል።"

ውጫሌ ስንገባ ወርዶ አየው። ጎማው ደህና ነው።

ሻይ የጠጣንባትን ሙጂባ የምትባል ሴት "ዛሬ ላይኛው ሠፈር ማን ሞተ?" አልናት።

"ማንም አልሞተ" አለች። "ቢሞት ጥሩንባ ይነፋ ነበር።"

 ሐይቅ ከተማ ልንገባ ስንል ጠሃ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። አዞረው። እንደገና አዞረው።

"ቢያዴ..." አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "አያመኝም። ወላሂ፣ ምንም አያመኝም።"

ምን ትለዋለህ? "አልሐምዱሊላህ" አልኩት እኔ ክርስቲያኑ። ኢንሳፍ እንኳ አልሰደበችም።

ሐሙስ በረረ።

ከዚያ በኋላ እኔና ኡበይድ ስለዚያ ቀን አናወራም። ስንገናኝ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እናወራለን። ሰው ከፈራ ስለ ሲሚንቶም በደንብ ማውራት ይችላል።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ቤቴ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ ጠሃ በቪዲዮ ደወለ። ወፍሯል። ፊቱ ያበራል። ከኋላው ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ ይታያል።

"ቢያዴ! ሥራ ላይ ነኝ፣ አንድ ነገር ላሳይህ ነው!"

"ትከሻህስ?"

"ትከሻ ነው የምትለኝ? አሠሪዬ ሌላ ሰው ልቅጠርልህ ሲለኝ አያስፈልግም አልኩት። ብቻዬን ነው የማወጣው። ብቻዬን ስልህ..." ሳቀ። "ቆይ፣ ራስህ እይ።"

ስልኩን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ግድግዳ አስደግፎ አቆመውና ወረደ። ባዶ ደረጃ ይታየኛል። ከታች የጠሃ ድምፅ ይሰማኛል።

"ቢስሚላህ... ቀስ... እንደዚያ... ቀስ..."

አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን፣ ባለ ሦስት በር፣ በጀርባው የተጋደመ፣ ደረጃውን እየወጣ መጣ።

የሳጥኑ ፊት መጀመሪያ ታየ።

የፊቱን ጫፍ ማንም አልያዘውም። በቀኝም በግራም። አየር ላይ ነው። ግን አያዘነብልም፤ ውሃ ብታስቀምጥበት አይፈስም።

ጠሃ ከኋላ ነው። ከኋላ በቀኝ። ልክ እንደዚያ ቀን። በስተግራው ማንም የለም።

ደረጃው ላይ ግን... በነጩ እብነ በረድ ላይ፣ ዝናብ በማይዘንብበት ከተማ፣ ከጠሃ ጫማ በስተግራ አንድ አንድ እያለ የሚታተም ቀይ ጭቃ አለ። ባዶ እግር ነው።

"ጠሃ" ልለው ፈለግሁ። ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት።

በስልኩ በኩል ሲያልፍ ጠሃ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

"እናደርሰዋለን ብለን አልነበር?" አለ። "አላህ ይስጣችሁ፣ ባትኖሩ እንዴት እችለው ነበር?"

ባትኖሩ... ማን?

ያኔ ነው ቀኝ ትከሻዬ ወደ ታች የወረደው።

ወደ ታች አየሁ። ሶፋው ላይ ብቻዬን ነኝ። የሸሚዜ ቀኝ ትከሻ ግን አንገቴ ሥር በቀጭኑ ተጨፍልቋል... እንጨት እንዳረፈበት ሁሉ። ከባድ አይደለም።

ይገፋል።

ሳላስበው ከሶፋው ተነስቼ ቆሜያለሁ። እግሬ አንድ ተራመደ። ጠሃ በስልኩ ውስጥ አንድ ደረጃ ወጣ። እግሬ ሌላ ተራመደ።

በዚያው ቅጽበት ስልኩ ላይ ሌላ ጥሪ ገባ። ኡበይድ ነው። ጥሪው ሲቆም እንደገና ይደውላል። ሲቆም እንደገና።

አላነሳሁለትም። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

የሱ ግራ ትከሻው ነበር።